እትዬ ዘይነባና የሰሜን አበቦች

ባለፈው ጥር ውድብሪጅ እናቴ ቤት ሄጄ፣ ከአልጋዋ ሥር ያለውን ትልቁን ሻንጣ አውጪልኝ ብላኝ ስከፍተው፣ ከታጠፉት ሹራቦች መሐል የናፍታሊን ሽታ ወጥቶ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። እናቴ «ብል እንዳይበላው ብዬ ነው» አለች፤ እኔ ግን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ናፍታሊን ለሌላው ሰው የቆየ ልብስ ሽታ ነው። ለእኔ የሲልቨር ስፕሪንግ ሽታ ነው፤ የሰባተኛ ፎቅ፣ የበር ቁጥሩ አንዱ አኃዝ የወለቀበት አፓርትመንት፣ በአሮጌ ጋዜጣ መሐል የደረቁ አበቦች፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ሰውን ፊት ለፊት ሳይሆን በጎን የሚያዩ አንዲት ሴትዮ ሽታ ነው።

ያኔ አስር ዓመቴ ነበር። አባቴ ሌሊት ታክሲ ነድቶ ቀን ይተኛል፣ እናቴ ከሰዓት በኋላ የሚጀምር የሆቴል ሺፍት አላት፣ እኔ ደግሞ ስኩል ባሱ ካወረደኝ በኋላ ቁልፌን ከአንገቴ አውጥቼ በሩን በቀስታ ከፍቼ፣ የተኛውን አባቴን ሳልቀሰቅስ እንድቀመጥ ታዝዣለሁ። አንድ ቀን ቁልፉን ትምህርት ቤት ረሳሁት። አባቴ በዚያ ቀን ታክሲውን ሊያስጠግን ወጥቷል፤ ባንኳኳ የሚከፍት የለም፤ ስለዚህ ሊፍቱ አጠገብ ምንጣፉ ላይ ተቀምጬ፣ ሽንት ቤት መሄድ እየፈለግሁ፣ ላለማልቀስ የጫማዬን ክር ስፈታና ሳስር ቆየሁ። ሊፍቱ ተከፍቶ አንዲት ረጅም፣ ቀጭን፣ ሻሿን ወደ ኋላ ያሰረች ሴትዮ የልብስ ቅርጫት ታቅፋ ወጣች። እጅግ ቀርባኝ ጎንበስ አለችና፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ በዓይኗ ጥግ አየችኝ። ፈራሁ።

«የማን ልጅ ነሽ?» አለችኝ በአማርኛ።

«አይ ኤም ፋይን» አልኳት።

«ፋይኑንስ አየሁት። የማን ልጅ ነሽ ነው ያልኩሽ።»

እትዬ ዘይነባን ያወቅሁት እንዲህ ነው፤ ከዚያች ቀን ወዲህ «አንቺ» ብዬ አስቤያቸው አላውቅም። እናቴ ማታ ፎቅ ለፎቅ እየሮጠች በየበሩ እያንኳኳች ስታገኘኝ፣ እኔ ሩዝ በልቼ፣ ጫማዬን አውልቄ፣ የቤት ሥራዬን ጨርሼ ነበር። ልትቆጣ የመጣችበት ንዴት ወዲያው በረደ፤ ምክንያቱም ሴትዮዋ ከደሴ ወጣ ብሎ ያለ አገር ሰው ሆነው ተገኙ፣ እናቴ ደግሞ የሐይቅ ልጅ ናት፣ ሁለት የወሎ ሰዎች ተገናኝተው ዘመድ ሳይሆኑ ደግሞ አይለያዩም። አንድ ሰዓት ሙሉ የመንደርና የሰው ስም ሲጠሩ ቆይተው በመጨረሻ ሁለቱንም የሚያዛምድ የአንዱን አክስት ባል አገኙ። እናቴ ወደ በሩ ስትሄድ፣ እንደማፈር ብላ፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እርስዎ ዘንድ ብትቆይ ያስቸግርዎት ይሆን አለቻቸው። «አያስቸግረኝም» አሉ፤ «እኔም የሷን ዓይን እፈልገዋለሁ።»

ዓይናቸው መሐሉ ታሞ ነበር። የሚያዩት ነገር ሁሉ መሐል መሐሉ ተበልቶ ዳር ዳሩ ብቻ እንደሚቀርላቸው ነገሩኝ፤ ስለዚህ ሰውን ለማየት ከሰውየው ጎን ያለውን ግድግዳ ያያሉ፣ ሻይ ለመቅዳት ከብርጭቆው ጎን ያለውን ጠረጴዛ ያያሉ። እንዲያም ሆኖ አንዲት ጠብታ ሲያፈሱ አይቼ አላውቅም። ያልቻሉት ማንበብና መጻፍ ብቻ ነበር፤ ለእሳቸው ደግሞ ከዚያ ሌላ የቀራቸው ሥራ አልነበረም።

ቤታቸው እንደኛ ቤት አልነበረም። ሶፋ የለም፤ ቴሌቪዥን የለም። በግድግዳው ዙሪያ እስከ ጣሪያ የደረሰ መደርደሪያ፣ በመደርደሪያው ላይ የታሰሩ የጋዜጣ ክምሮች፣ በየጋዜጣው ውስጥ የተጋደመ አንድ የደረቀ ተክል፤ ጥግ ላይ ተክል የሚጨመቅባቸው፣ በቀበቶ የሚጠብቁ ሁለት ጣውላዎች፣ ነፍሳት እንዳይበሉት በየቦታው የተቀመጠ ናፍታሊን። ከጠረጴዛው በላይ አንድ ፎቶ ብቻ ተሰቅሏል። ለረጅም ጊዜ በሁለት እግሩ የቆመ ድብ ይመስለኝ ነበር፤ ቀርቤ ሳየው ግን የአጋዘን ቆዳ ካፖርት የለበሰች ወጣት ሴት ናት፣ ከኋላዋ ሰማዩና ምድሩ አንድ ዓይነት ነጭ የሆነ፣ ከቆዳው ኮፍያ ውስጥ የምትስቅ ጥቁር ፊት።

ሰው ስለሳቸው ብዙ ያወራ ነበር። ጁምዓ ላይ ሴቶቹ «የበረዶዋ ሴትዮ» ይሏቸዋል፤ ትዳር የለ፣ ልጅ የለ፣ አገር ቤት ሄደው አያውቁ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሣር ሲያደርቁ የኖሩ። ዩ ስትሪት የሚሰበሰቡት የአባቴ የታክሲ ጓደኞች ደግሞ፣ ወሎን ከሚያህል የአበባ አገር ተነስቶ በረዶ ውስጥ አበባ ፍለጋ የሚሄድ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው እያሉ ይስቃሉ። አባቴም አብሮ ይስቅና፣ ቤት ሲመጣ ግን በእናቴ እጅ ሎሚና ብርቱካን ይልክላቸዋል።

ነገሩ ግን እውነት ነበር። አባታቸው ቁርአን የሚያስተምሩ፣ ቅጠል ለቅመው በሽተኛ የሚረዱ ሸህ ነበሩ፤ ሰው ሁሉ ተው እያላቸው ሴት ልጃቸውን ትምህርት ቤት ላኩ። ልጅቱ የቅጠሉን ስም ከአባቷ ተምራ፣ ቀለሙን ከትምህርት ቤት ተምራ፣ አዲስ አበባ ገባች፤ ከዚያ በስኮላርሺፕ ወደ አሜሪካ መጣች። አባትየው የፈቀዱት በአንድ ቃል ነው፤ አራት ዓመት ተምረሽ ትመለሻለሽ። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ደረቅ ተክል በካርቶን ላይ የሚለጠፍበት ክፍል ሥራ ያዙ፤ በሁለተኛው ዓመት አንድ ፕሮፌሰር ተክል ለመልቀም ወደ አላስካ ሰሜን ዳርቻ ሊሄድ ሲነሳ፣ አብሮት የሚሄደው ተማሪ ታመመ፣ እሳቸው ለአራት ሳምንት ተተኩ። ከዚያ ወዲያ ያ አገር አልለቀቃቸውም። ለብዙ በጋ ብቻቸውን ተመለሱ፤ በፖስታ መርከብ፣ ውኃ ላይ በሚያርፍ ትንሽ አውሮፕላን፣ አንድ ክረምት ደግሞ ውሾች በሚጎትቱት ጋሪ። ከኛ ሰው ከሳቸው በፊት እዚያ የረገጠ ካለ አልሰሙም፤ እኔም አልሰማሁም።

የለቀሙት ተክል በየሙዚየሙ ተቀምጧል፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈው ጥናት ላይ ያለው ስም ግን የፕሮፌሰሩ ነው። ይህን ሲነግሩኝ ቅሬታ አልነበረባቸውም። «እንግሊዝኛው ባለቤት አለው» አሉኝ፤ «አማርኛው የኔ ነው።» አማርኛው ማለት መጽሐፋቸው ነው። ደሴ ያለች አንዲት ልጅ፣ እንግሊዝኛ የማታውቅ፣ መጽሐፉን ከፍታ፣ በምድር ጫፍ ላይ በቦርከና ወንዝ ዳር የምታውቀው የአኻያ ዛፍ ዘመድ እንዳለው፣ ግን ከጣት እንደማይበልጥ፣ ሰው ሳያውቀው ጫካ ረግጦ እንደሚያልፍ እንድታነብ ይፈልጉ ነበር። ለመጻፍ ጡረታ እስኪወጡ ጠበቁ። ጡረታ ሲወጡ ዓይናቸው ሄደ።

ስለዚህ ፊደል አስተማሩኝ። አራት ዓመቴ ሳለ ነው አሜሪካ የገባነው፤ አማርኛ እሰማለሁ እንጂ አልመልስም፣ ሲጠሩኝ «ዋት» ነው የምለው። ከሀ እስከ ፐ ጠረጴዛው ላይ በጣታቸው ሲጽፉልኝ፣ እኔ በደብተር ስገለብጥ፣ አንድ የበልግ ወቅት አለቀ። በአሥራ አንድ ዓመቴ የሚሉኝን መጻፍ ጀመርኩ። ሻይ በቅርንፉድ ይቀዱልኛል፣ ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ ያዞራሉ፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ ከዚያ ቀስ ብለው፣ ቃል በቃል፣ እኔ እስክደርስባቸው እየቆዩ ይነግሩኛል። ስጨርስ «ጻፍኩ» እላለሁ። «የት ቆምን?» ይላሉ፤ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አነብላቸዋለሁ።

ስሕተቴ ብዙ ነበር። ስለዚያ የክረምት ጉዞ ሲነግሩኝ፣ ስምንት ውሾቻቸው በበረዶ ማዕበል ውስጥ ወደ መንደር እንዴት ጎትተው እንዳስገቧቸው፣ እኔ አንዲት ፊደል ጨመርኩና «ስምንት ውሽሞቼ በበረዶ ላይ ጎተቱኝ» ብዬ ጻፍኩት። ውሽማ ምን እንደሆነ የት አውቄ። ማታ እናቴ ልትወስደኝ ስትመጣ የልጇን የአማርኛ ጽሕፈት ልታይ ደብተሩን አንስታ ጮክ ብላ አነበበችና አፏን በሻሿ ያዘች። የእትዬ ዘይነባ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ከዚያ ሁለቱም ጠረጴዛውን ይዘው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «ተይው፣ አትሰርዢው» አሉኝ፤ «አላገባችም ለሚሉኝ መልስ ይሆናል።»

ረመዳንን የነገሩኝም አይረሳኝም። በአንድ በጋ፣ ፀሐይ በማትጠልቅበት ወር፣ ረመዳን ገባባቸው። መግሪብ የለ፣ ሌሊት የለ፣ ማፍጠሪያ የለ። ታዲያ ሰዓታቸውን በደሴ ሰዓት ሞሉ፤ ደሴ ሲመሽ አፈጥራለሁ ብለው። ሦስት ቀን ከጾሙ በኋላ ነው ነገሩ የገባቸው፤ ደሴ ሲመሽ እዚያ ጧት ስለሆነ፣ ሰው ሲሠራ ሲውል እሳቸው እየበሉ፣ ሰው ሲተኛ እሳቸውም ተኝተው እየጾሙ ኖሯል። አፍረው፣ ቤቷን ያካፈለቻቸውን የመንደሩን ባልቴት በአስተርጓሚ፣ እናንተ አገር በበጋ የሚመሸው መቼ ነው ብለው ጠየቋት። ሴትዮዋ አስባ «ስንደክም» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሷ ደክሟት ስትቀመጥ አፈጠሩ፤ ለሶላት ሲቆሙም ሴትዮዋ በራሷ ጊዜ መስኮቱን በቆዳ ትሸፍንላቸው ነበር። ሦስቱን የእንቅልፍ ቀን በኋላ በሌላ ጊዜ ጾመው ቀዷ አወጡ።

ከሁሉ የምወደው ስም ማውጣቱን ነበር። እነዚያ ተክሎች የላቲን ስም አላቸው፣ የእንግሊዝኛም አላቸው፣ የአገሩ ሰው ያወጣላቸውም አላቸው፤ አማርኛ ግን የላቸውም። ጋዜጣውን ከመደርደሪያ አወርዳለሁ፣ ያየሁትን እነግራቸዋለሁ፣ እሳቸው በጣታቸው ይዳስሱታል፣ ከዚያ እንመካከራለን። ነጭ ጥጥ ጫፉ ላይ የሚያወጣውን ሣር «የሸህ ጢም» አልነው። ፀሐይን ተከትላ ቀኑን ሙሉ የምትዞረው ቢጫ አበባ «ጀንበር አጃቢ» ተባለች። በረዶው ሳይቀልጥ የምትፈካው ሐምራዊዋ «ቀድማ ደራሽ»። አንዷን ነጭ አበባ «ነጭ ለባሽ» ብለዋት ነበር፤ ማታ አስበውበት አደሩና ጠመንጃ ያነገተች አስመሰላት ብለው አሰረዙኝ። እንዲህ እያልን ከመቶ በላይ ስም ሰጠን። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሆኜ በሲልቨር ስፕሪንግ አፓርትመንት ውስጥ ለአበባ ስም ሳወጣ፣ ሌላው ልጅ ሁሉ እንዲህ የሚያደርግ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ምዕራፍ ግን ሁልጊዜ ይዘሉት ነበር። ስለ ሁለተኛው በጋ እንጽፋለን፣ ስለ አራተኛው እንጽፋለን፤ ሦስተኛው ላይ ስንደርስ «እሱ ይቆይ» ይሉኛል። የማውቀው ከእናቴ የሰማሁትን ብቻ ነበር። በዚያ በጋ ነበር ትምህርታቸውን ጨርሰው ደሴ መመለስ የነበረባቸው፤ እሳቸው ግን ወደ ሰሜን ሄዱ፣ አባታቸው በዚያው ወራት ሞቱ።

አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላኝ ውድብሪጅ ቤት ገዝተን ሄድን። አባቴ በየቅዳሜው ድሮፕ አደርግሻለሁ፣ ከሦስት ሰዓት በኋላ ፒክ አደርግሻለሁ ብሎ ቃል ገባ፤ ቃሉንም ጠበቀ። ቃሉን ያልጠበቅሁት እኔ ነኝ። አዲሱ ትምህርት ቤት ጓደኞች አገኘሁ፤ ቅዳሜ ሞል ይሄዳሉ፣ ፊልም ያያሉ፣ ሰኞ ስመጣ እኔ ያልነበርኩበትን ነገር እያነሱ ይሳሳቃሉ። የናፍታሊኑ ሽታ ሹራቤ ላይ ይቀራል፤ አንዷ «የአያት ሽታ አለሽ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ መኪናችን ሲልቨር ስፕሪንግ ሲደርስ ሹራቤን አውልቄ መኪናው ውስጥ እተወው ጀመር።

መጀመሪያ ቃል መዝለል ጀመርኩ። ቀጥሎ ዓረፍተ ነገር። እሳቸው አያዩም። አንድ ቅዳሜ እጄ ዝሎብኝ፣ ሲናገሩ መጻፉን ትቼ እስክሪብቶውን በመስመሩ ላይ እንደ ማዕበል ወዲያና ወዲህ ነዳሁት፤ ድምፁ የጽሕፈት ድምፅ ነው፣ «ጻፍኩ» አልኩ፣ እሳቸውም ቀጠሉ። እንዲህ ቀላል ነበር። የት ቆምን ሲሉኝ የመጨረሻዋን ቃል ብቻ በጆሮዬ ይዤ እደግምላቸዋለሁ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አዲስ ደብተር፣ ሰባተኛውን፣ እንድከፍት ነገሩኝ። ሻይ አልቀዱም። ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው «ሦስተኛው በጋ» አሉ።

ያን ቀን የጓደኛዬ ልደት ነበር፤ አባቴ ቀድሞ እንዲመጣልኝ ለምኜዋለሁ፣ ዓይኔ የግድግዳው ሰዓት ላይ ነው። የሰማሁትን ልናገር። የፖስታ መርከቡን ሰምቻለሁ። ደብዳቤ የሚል ቃል ሰምቻለሁ፤ የወንድማቸው እጅ ጽሑፍ መሆኑንም። ድንኳን ውስጥ ሦስት ቀን የሚል ሰምቻለሁ። ሌላውን አልሰማሁም፤ በዚያ ሰዓት ምን ስጦታ እንደምገዛ እያሰብኩ ነበር። እስክሪብቶዬ ግን አላቆመም። አንድ ቦታ ላይ ድምፃቸው ሲሰበር፣ የምር የምጽፍ እንድመስል ጫን አድርጌ ነዳሁት። አሥራ አንድ ገጽ እንዲህ አለቀ። ሲጨርሱ የት ቆምን አላሉኝም። «ዛሬ ይበቃናል፣ ልጄ» አሉ፤ እኔ ደግሞ ጃኬቴን ለብሼ ሊፍቱን ጠርቼ ወረድኩ።

ከዚያ ወዲህ አልሄድኩም። አንድ ቅዳሜ ፈተና አለኝ አልኩ፣ አንድ ቅዳሜ አሞኛል አልኩ፣ ከዚያ ምክንያት መስጠትም ቀረ። አንዳንዴ ቤታችን ደውለው ቮይስ ሜይል ላይ «ሰሚራ፣ እኔ ነኝ፣ ዘይነባ። ሲመችሽ ኮል አድርጊልኝ» ይሉ ነበር። እናቴ ከሥራ ሳትመጣ አጠፋዋለሁ። የፈራሁት እሳቸውን አልነበረም፤ ደብተሩን ነበር። አንድ ሰው፣ አማርኛ የሚያነብ አንድ ሰው፣ በዚያ በር ገብቶ ሰባተኛውን ደብተር የሚከፍትበትን ቀን ስፈራ ኖርኩ።

ሃያ ዓመቴ ነበር እናቴ ስልክ ላይ፣ እትዬ ዘይነባ እዚሁ አሌክሳንድሪያ ናርሲንግ ሆም፣ የአረጋውያን መጦሪያ፣ ገብተዋል፣ ብትጠይቂያቸው ምን አለበት ስትለኝ። ለአንድ ወር ያህል ነገ እሄዳለሁ እያልኩ ከቆየሁ በኋላ ሄድኩ። አልጋቸው መስኮት ሥር ነበር፤ ከመስኮቱ ውጭ የመኪና ማቆሚያ ይታያል። ፊታቸው በጣም አንሷል። ገና ስሜን ሳልናገር ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው በጎን አዩኝና «ቁመት ጨምረሻል» አሉኝ።

ስለ ትምህርቴ ጠየቁኝ፣ ስለ እናቴ ጉልበት ጠየቁኝ፤ እኔ ግን ሌላ ነገር ሳልነግራቸው መቀመጥ ስላልቻልኩ በመሐል አቋረጥኳቸውና ነገርኳቸው። የመጨረሻውን ምዕራፍ አልጻፍኩትም አልኳቸው። እስክሪብቶውን ዝም ብዬ ነው የነዳሁት።

«አውቄያለሁ» አሉኝ። «እስክሪብቶ ሲጽፍ ይቆማል፣ ይነሳል፣ ነጥብ ይመታል። ያንቺ አላረፈም።»

«ታዲያ ለምን አላስቆሙኝም?»

እጃቸው ብርድ ልብሱን ይዳስስ ነበር፣ ድሮ ተክሉን እንደሚዳስሱት። «አፌን አንዴ ከፍቼ ነበር» አሉ። «ባስቆምሽ ኖሮ ዳግመኛ አልጀምረውም ነበር። ደግሞ የሚጽፍ ሰው ቢኖር ያን ሁሉ አልለውም ነበር መሰለኝ።»

አሁን ይንገሩኝ፣ አሁን እጽፈዋለሁ አልኳቸው፤ ወረቀት ከቦርሳዬ አውጥቼም ነበር። በጭንቅላታቸው አይሆንም አሉ። «አንዴ ወጣልኝ። ሁለተኛ አልመልሰውም። አብሽሪ፣ ደክሞሽ ነበር፤ ልጅ ነበርሽ።» ከዚያ ከራስጌያቸው ያለውን ካርቶን እንድወስደው ነገሩኝ። ሰባቱም ደብተሮች ነበሩበት።

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ሄድኩ፤ የጻፍናቸውን ስድስቱን ደብተሮች ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ አነበብኩላቸው፤ ውሽሞቹ ጋ ስንደርስ እንደዚያ ቀን ባይሆንም ሳቁ። አምስተኛውን ደብተር ሳንጨርስ በእህታቸው ስም ይጠሩኝ ጀመር። በመጋቢት ሞቱ፤ አላህ ይርሐማቸው። ጀናዛቸው ላይ እናቴ፣ አባቴ፣ እኔና ከመስጊድ የመጡ ጥቂት ሰዎች ነበርን። ያ ሁሉ የጋዜጣ ክምር፣ ቤቱን ሲያስረክቡ፣ እኔ ከመድረሴ ብዙ ቀደም ብሎ ተጥሏል።

ባለፈው መስከረም አንዲት ሴት እናቴን በመስጊድ በኩል አፈላልጋ አገኘቻት። ሐሊማ ትባላለች፤ ዕድሜዋ ወደ ስድሳ የሚጠጋ፣ እዚሁ ስካይላይን የሚባል ሰፈር የምትኖር የወለደች ልጇን ልታርስ ከደሴ የመጣች፣ የእትዬ ዘይነባ ታናሽ ወንድም ልጅ። ቤቴ ድረስ መጣች። ስድስቱን ደብተሮች ጠረጴዛው ላይ ደርድሬ ጠበቅኋት፤ በመዳፏ እየዳበሰች የአክስቷ ድምፅ ያለባቸውን ገጾች እዚህም እዚያም አነበበች፣ አበቦቹ ጋ ስትደርስ ፈገግ አለች። ከዚያ ዘግታቸው የመጣችበትን ነገር ነገረችኝ።

«ደብዳቤውን የጻፈው አባቴ ነው» አለችኝ። «አባባ ታሟል፣ ስምሽን ይጠራል፣ ነዪ ብሎ። አልመጣችም፤ መልስም አልሰጠችም። ኋላ ላይም ብትጽፍ ስለዚያ አንድም ቀን አላነሳችም። አባቴ ዛሬ ሰማንያ አልፎታል፤ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚጠይቀው። ደብዳቤው ሲደርሳት አባቷ በሕይወት ነበር ወይስ ተቀብሮ ነበር? በጊዜ ደርሷት ቀርታ ቢሆንም አይቀየማትም፤ ማወቅ ነው የሚፈልገው። ለአንቺ ነግራሽ ይሆን?»

ነግረውኛል አልኳት። ሰባተኛውን ደብተር ከመሳቢያ አውጥቼ ፊቷ አስቀመጥኩና፣ ለእናቴ እንኳ ነግሬው የማላውቀውን ሁሉ፣ ልደቱን፣ ሰዓቱን፣ እስክሪብቶውን ነገርኳት። አሥራ አንዱን ገጽ አንድ በአንድ፣ የሚነበብ ነገር እንዳለበት ሁሉ፣ ከላይ እስከ ታች እያየች ገለጠችው። አልተቆጣችም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

«ዘግይቶ ነው የደረሳት ብዬ እነግረዋለሁ» አለች።

እውነት ሊሆን ይችላል፤ መርከቡ በበጋ አንዴ ወይ ሁለቴ ብቻ ነው የሚመጣው። ላይሆንም ይችላል። ሻይዋን ጨርሳ ስድስቱን ደብተሮች በቦርሳዋ ከትታ ሰባተኛውን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው፤ ልጇ ከታች መኪናዋን አስነስታ ትጠብቃታለች።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ደሴ ገብታ ደወለችልኝ። አባቷ የነገረችውን ሰምቶ «አልሃምዱሊላህ» ብሎ ረጅም ጊዜ አለቀሰ አለችኝ፤ የአበቦቹን ስም ደግሞ የልጅ ልጆቹ ያነቡለታል። እኔም ደስ ብሎኛል አልኳት። እውነቱ ግን አንድ ጊዜ፣ በአማርኛ፣ ሳይቸኩል፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሰባተኛ ፎቅ ላይ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ተነግሯል፤ ከተናገሩት ከእሳቸው ሌላ እዚያ ክፍል ውስጥ የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ።